እስከ ቅዳሜ የቆየ መርዶ

ሸዋሉል ቤንጋሊ አግብታ ልትሰልም ነው የሚለው ወሬ ስዊድን ውስጥ፣ ሐበሻ ከሚኖርበት ከብሬዴንግ ሰፈር ተነሥቶ ኖርስቦሪ ሰፈር ሲገባ ባቡሩን ቀድሞት ነበር። እዚያ ሲደርስማ ሠርጉም አልፎ ነፍሰ ጡር ናት ተባለ። ያኔ ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው።

እውነቱ ሌላ ነው። ሸዋሉል ለትምህርት መጥታ የቀረች የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ስፖንጋ ካለው የወንጌል አማኞች ጉባኤ እሑድ የማትቀር ሴት ነበረች። ሰውየው ሻፊቅ ይባላል፤ የባንግላዴሽ ሰው ነው። ከሷ በላይ ያለውን ቤት በአንድራ ሃንድ፣ ከሌላ ተከራይ ላይ ተከራይቶ ነው የሚኖረው። የራሱ ስልክ ስላልነበረው የሷን ቁጥር ለቤተሰቡ ሰጥቷል። ከቤቷ ሲወጣ የታየው ለዚህ ነው።

በአውሮፓውያኑ 1991 የካቲት፣ አገሩ ወታደራዊ ገዥዋን አውርዳ ምርጫ ስታደርግ፣ ሻፊቅ ከወተት የተሠራ ጣፋጭ ይዞላት ወረደ።

"እናቴ በሰባ ዓመቷ ተሰልፋ መረጠች" አላት በስዊድንኛ። "የእናንተስ?"

"የእኛ ሰልፉ ራሱ ገና አልተጀመረም" አለችው።

ሚያዝያ ላይ ማዕበሉ መጣ። በአንድ ሌሊት ከመቶ ሠላሳ ሺህ በላይ ሰው አለቀ። የሻፊቅ ቤተሰብ የሚኖርበትን ደሴት ውሃ ዋጠው። ከሥራ ሲመለስ በየቀኑ በሯን አንኳኩቶ "ተደወለ?" ይላታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ "አልተደወለም" አለችው፤ እውነቷን ነበር።

አንድ ማክሰኞ ተደወለ። ወንድሙ ነው፣ ከቺታጎንግ ከተማ። እናታቸውን ውሃው ወስዷታል። "እስከ ዓርብ ማታ ከዚህ ስልክ አጠገብ አልጠፋም። ከዚያ አስከሬኗን ልፈልግ ወደ ደሴቱ እመለሳለሁ። ይደውልልኝ" ብሎ ቁጥሩን አስጻፋት።

ሸዋሉል ወረቀቱን ይዛ ቀረች። የእናቱን ሞት በር ላይ ቆማ፣ ደክሞት ሲገባ ልትነግረው? መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደግፎ የሚይዝ እጅ ተዘጋጅቶ ነው። ለጉባኤው ሽማግሌ ለጋሽ ካሳዬ ደወለች።

"ጋሼ፣ እዚህ ዘመድ የለውም እኮ።"

"እኛ አለን አይደል? ሰው ሁሉ ሥራ የማይገባው ቅዳሜ ነው። እስከዚያ ከፊትሽ ላይ እንዳያነብብሽ።"

ማምሻውን ሻፊቅ አንኳኳ። "ተደወለ?"

"አልተደወለም።"

ረቡዕም እንዲሁ፣ ሐሙስም እንዲሁ። ዓርብ የሠራችውን ወጥ በሳህን ሰጠችውና "ብላ፣ ከስተሃል" አለችው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከጉባኤው የመጡ አምስት ሰዎች ጥቁር ለብሰው ከሸዋሉል ጋር ሻፊቅ በር ላይ ቆሙ። ጋሽ ካሳዬ ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ ወይዘሮ ለምለም ማልቀስ ጀመረች፤ ሻፊቅን ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። ነገሩት። አላለቀሰም።

"መቼ ነው የደወለው?"

ሸዋሉል ወረቀቱን ሰጠችው። ወደ ቤቷ ወርዶ ደወለ። ወንድምህ ትናንት ማታ በጀልባ ሄደ አሉት። ስልኩን በቀስታ አስቀመጠው።

"አራት ቀን ጠበቀኝ።"

"ብቻህን እንዳትሰማው ብለን ነው" አለች ሸዋሉል።

"ብቻውን የነበረው እሱ ነው" አላት።

ወንድሙ በሦስተኛው ሳምንት ደወለ፤ ግን ሻፊቅ ባስገባው አዲስ ስልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ብቻ ሆነ። መስከረም ላይ አገሩ በሕዝበ ውሳኔ ሥልጣኑን ከፕሬዚዳንቱ ወደ ፓርላማው ስትመልስ፣ ያንኑ ጣፋጭ በላስቲክ አድርጎ በሯ እጀታ ላይ አንጠልጥሎላት ሄደ። አላንኳኳም።

በዚያው ሰሞን የሸዋሉል ታናሽ ወንድም ይግዛው አዲስ አበባ ታሞ ነበር። በግንቦቱ የመንግሥት ለውጥ ከነነፍሱ ተርፏል ብላ ስታመሰግን የከረመችለት ወንድሟ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ብትደውል፣ ሚስቱ "ተኝቷል፣ አንቀስቅሰው" ትላታለች። ረቡዕ ዕለት ለምለምን "ምን የሰማሽው አለ?" ብላ ብትጠይቃት፣ ለምለም ስለ አየሩ ቅዝቃዜ አወራቻት።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የበሯ ደወል ተደወለ። ጋሽ ካሳዬ፣ ለምለም፣ ሌሎች ሦስት፤ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ሸዋሉል አልጮኸችም። ግቡም ሳትል በሩን ይዛ ቆመች። ጋሽ ካሳዬ ጫማቸውን ለማውለቅ ጎንበስ አሉ፤ ሌሎቹም ተከትለው ጎነበሱ።

"ይግዛው ነው አይደል?" አለች። "ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?"

ማንም ከጫማው ቀና አላለም።