እቤት የሞረድኩት አፈሙዝ

ጀሪፍ የሚባል ሰፈር፣ ከወንዙ ዳር፣ ሰዎች የቀለም ጥይት እየተኳኮሱ የሚጫወቱበት ሜዳ ነበር። የምሠራው እዚያ ነበር። ጠመንጃ እንላቸዋለን እንጂ ዕቃዎቹ በታመቀ አየር ብይ የምታህል የቀለም ኳስ የሚተፉ መጫወቻዎች ናቸው። አንድ ጊዜ ሙዲሩ፣ የሜዳው ባለቤት፣ አካላቸውን ከአንድ ሻጭ፣ አፈሙዛቸውን ከሌላ ገዝቶ መጣ። አልገጠሙም፤ የአፈሙዙ ጥርስ ለአካሉ ቀዳዳ ይወፍራል። እኔ መቼም አፌ ይቀድመኛል፣ «እኔ እገጥመዋለሁ» አልኩና አንዱን ለሙከራ ወደ ሰፈራችን ወደ አርካዊት ይዤ ሄድኩ።

ችግሩ አባቴ ነው። የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን። ሠራዊቱ ሲበተን እኔን በትከሻው አድርጎ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን የገባ ወታደር ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚፈራው አንድ ነገር ቢኖር እኔ መሣሪያ ይዤ መገኘቴን ነው። የልጆች መጫወቻ ቦታ እንደምሠራ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

እሱ በማይኖርበት ሰዓት እሠራ ጀመር። ብረት አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ ስለሌለኝ አፈሙዙን በሁለት እግሬ መሃል ይዤ ጥርሱን በሞረድ አወረድኩት። የት እንደሚነካ ለማወቅ ጧፍ አብርቼ አንገቱን በጥላሸት አጠቁርና ወደ ቀዳዳው እገፋዋለሁ፤ ጥላሸቱ የተፋቀበትን ብቻ እንደገና እሞርዳለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልሰው ሰተት ብሎ ገባ። እንዳይወጣ በጎን በስቼ ብሎን አሠርኩለት። ኮራሁ። ጭረቱ እንዳይታይ ጥቁር ቀለም ቀባሁትና እስኪደርቅ አልጋዬ ሥር አደረግኩት።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ጠመንጃው የለም። አባቴም የለም። ጎረቤታችን፣ ሱዳናዊቷ ሴትዮ፣ አንድ ነገር በጋቢ ጠቅልሎ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሲሄድ አይቼዋለሁ አለችኝ። ያኔ ገባኝ። ድንበሩ ላይ ጠመንጃውን ያስረከበ አለፈ፣ የደበቀ ተያዘ፤ የአባቴ ሕግ ከዚያ የመጣ ነው፣ ሳይዙህ አስረክብ። መጫወቻ መሆኑን ደግሞ ሊጠረጥር አይችልም። የፋብሪካ ምልክት የለውም፣ የሞረድ ጭረት ከቀለሙ ሥር ይታያል። ለወታደር ዓይን፣ እቤት የተሠራ መሣሪያ ነው።

ጥቂት የቀለም ኳሶች ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ወደ ጣቢያው ሮጥኩ።

አባቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጠመንጃው የመኮንኑ ጠረጴዛ ላይ ነው። «አባዬ» አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ይሄ ልጅህ ነው፣ ያ ሐጅ?» አለው መኮንኑ በዐረብኛ፤ ሽማግሌን እንዲህ ነው የሚጠሩት። «ቅድም እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ብቻዬን ነው የምኖረው ብለኸኝ ነበር።»

«ማ ባዕርፉ» አለ አባቴ። አላውቀውም ማለቱ ነው።

«አባቴ እያለህ እኮ ነው።»

«ሐበሻ ሽማግሌ ሲያይ ሁሉ አባቴ ይላል» አለ አባቴ፣ ረጋ ብሎ። ድምፁ ምንም አልተንቀጠቀጠም።

ኳስ አውጥቼ መኮንኑ እጅ ላይ አፈረጥኩለት። ቢጫ ቀለሙ በጣቶቹ መሃል ወረደ። ጠመንጃውን አገላብጦ አየው፣ የምሠራበትን ሜዳ ጠየቀኝ፣ ከዚያ እስኪያስለው ሳቀ። እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ ሁለተኛ ወደ ሰፈር እንዳላመጣ አስጠንቅቆ «ያላ፣ ሂዱ» አለን።

አባቴ አልሳቀም። የመኮንኑን ሳቅም አላመነውም። ከበሩ እንደወጣን መንገዱን ተሻገረ። ልከተለው ስል፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «በዚያው በኩል ሂድ፣ እያዩን ነው» አለኝ። ቤት እስክንደርስ ድረስ እሱ በወዲያ፣ እኔ በወዲህ ሆነን፣ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ሄድን።