የውሃልክ እጅ

ወርክሾፑ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ ሁሉም «ውሃልክ» ይሏታል። ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይባትን መሣሪያ ማለታቸው ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላት በእጇ ነው። የመለኪያውን ቀጭን ጫፍ ከመርፌ ዓይን በማትበልጥ የብረት ነጥብ ላይ ስታሳርፍ እጇ ንቅንቅ አይልም። ሌላው ሰው ትንፋሹን ይዞ፣ ምላሱን ነክሶ የሚሠራውን እሷ እያወራች ትሠራዋለች፤ ወሬ ደግሞ አታጣም።

ሥራዋ ቀልድ የማያውቅ ሥራ ነው። በበሽተኛ ራስጌ ተቀምጠው የልብን ምት በመስመር የሚስሉት ሞኒተሮች ሲበላሹ ወደዚህ ወርክሾፕ ይመጣሉ። ሌሎቹ ይፈታሉ፣ ይበይዳሉ፣ ይገጥማሉ፤ መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም ዕቃ በእሷ ጠረጴዛ ያልፋል። ለክታ ቁጥሩ ልክ ከሆነ፣ የእሷ ምልክት ያለበትን አረንጓዴ ተለጣፊ ትለጥፍበታለች። ያለዚያ ተለጣፊ ምንም ነገር ከበሩ አይወጣም።

ታዲያ ይህች ሴት አንድ ጠዋት ቤቷ ሻይ ይዛ ስትሄድ ብርጭቆው ስኒ ማስቀመጫው ላይ ተንቀጫቀጨ። የራሷን እጅ እንደ ሌላ ሰው እጅ ቆማ አየችው።

«ምንድን ነው የሚንቀጫቀጨው?» አሉ እናቷ ከውስጥ ክፍል።

«መስኮቱ ነው፣ እማዬ። ነፋሱ ነው።»

እናቷ «ታዲያ ዝጊው» አላሏትም። ያ አስፈራት፤ ምክንያቱም እናቷ ይህን ድምፅ ያውቁታል። አባቷ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ሕመማቸው የጀመረው በአውራ ጣታቸው ነው፤ የሆነች ትንሽ ነገር እንደሚያድበለብሉ ሁሉ ሌባ ጣታቸውን ቀስ እያለ ያሻሽ ጀመር። ቀጥሎ ብርጭቆው፣ ቀጥሎ መበየጃው፣ ቀጥሎ የሸሚዛቸው ቁልፍ። ጠብታ መጠጥ በአፋቸው ዞሮ የማያውቀውን ሰው፣ የሰፈሩ ሰው ጠጪ ነው ብሎ አማቸው። ሱቁ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ የምታስታውሳቸው መስኮት ሥር ተቀምጠው፣ ሁለቱን እጆቻቸውን ከጭናቸው በታች ደብቀው ነው።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ነበረባት። አልሄደችም። የሚነግራትን አስቀድማ የምታውቅ ስለመሰላት፣ በዚያ ፈንታ ከመድኃኒት ቤት የሚለጠጥ ፋሻ ገዝታ ከመዳፏ እስከ ክንዷ ጥብቅ አድርጋ ጠቀለለችው። ያዘላት መሰላት። ለጠየቃት ሁሉ «ጀሪካን ሳነሳ ወለም ብሎኝ ነው» ለማለት ተዘጋጀች።

እዚህ ላይ ስለ ወርክሾፑ አንድ ነገር መንገር ግድ ነው። ሰው ሲራመድ፣ ልብሱ ከልብሱ ሲታሽ፣ ሰውነቱ ላይ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። በደረቅ ወራት ሹራብ ሲያወልቁ ጨለማ ውስጥ ጠሽ ጠሽ የሚለው እሱ ነው። ለእኛ ምንም አይደለም፤ ለእነዚያ ጥቃቅን ዕቃዎች ግን መብረቅ ነው። ወይ ልኬቱን ያዛባዋል፣ ወይ ዕቃውን ከውስጥ ጎድቶ ከውጭ ደህና አስመስሎ ይተወዋል። ስለዚህ እዚያ የሚሠራ ሰው ሁሉ የእጁ አንጓ ላይ ማሰሪያ ያስራል፤ ከማሰሪያው የሚወጣው ሽቦ የተጠራቀመውን ወደ መሬት ይሸኘዋል። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ባለችው ትንሽ ሳጥን ተሰልፈው ማሰሪያቸውን ይፈትሻሉ፤ አረንጓዴ ካበራች መግባት ነው፣ ቀይ ካበራች መመለስ። ለአዲስ ሠራተኞች ይህን የምታስተምረው ማን እንደሆነች መገመት አያቅትም። «ማሰሪያው ቆዳ ካልነካ አምባር ነው» ትላቸዋለች፤ እጃቸውንም ይዛ ታጠብቅላቸዋለች።

ውሃልክ ሰልፉ ላይ ፋሻዋ እንዳይታይባት ማሰሪያውን በባዶ አንጓዋ አስራ ትፈተሻለች። አረንጓዴ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ፋሻውን ትጠቀልልና ማሰሪያውን ከፋሻው በላይ ታስረዋለች። እጅጌዋን ታወርድና ጠረጴዛዋ ላይ ትቀመጣለች። አስተማሪዋ ራሷ አምባር አስራ ዋለች ማለት ነው። ፍርሃት ሰውን እንዲህ ያጃጅለዋል፤ የሚያውቀውን ያስረሳዋል።

ቁጥሮቹ መዝለል የጀመሩት ያኔ ነው። የመለኪያውን ጫፍ ስታስጠጋ ቁጥሩ ይፈናጠራል፤ ስትርቅ ይረጋል፤ ተመልሳ ስትጠጋ ደግሞ ይወራጫል። በአጠገቧ ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ ደህና ነው። እሷ ዘንድ ብቻ ነው። እጄ ነው፣ አለች በሆዷ፣ ዓይን የማያየውን መንቀጥቀጥ ማሽኑ አየው። ወሬዋ ጠፋ። ጎረቤቷ «ዛሬ ምነው ሬዲዮው ተዘጋ?» ብላ ስትቀልድባት እንኳ አልሳቀችም። መታጠቢያ ቤት ገብታ ፋሻውን ጣቶቿ እስኪጠቁሩ አጠበቀችው። ባጠበቀችው መጠን፣ በተወዛወዘችው መጠን፣ ቁጥሩ ባሰበት።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር ነው ጉዱ። ቁጥሩ ሲዘል መጠበቅ ጀመረች። ደግማ ትለካለች፣ ሠልሳ ትለካለች፣ ልክ የሆነው ቁጥር ብቅ ሲል ቶሎ አረንጓዴውን ትለጥፋለች። ዕቃው ምን አደረገ፣ ጥፋቱ የኔ እጅ ነው እያለች። በላብ ተጠምቃ ትውላለች፤ ቤቷ ስትገባ ደግሞ የእናቷን ዓይን እየሸሸች እራቷን በግራ እጇ ትበላለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፎርማኑ አንድ ሞኒተር አቅፎ መጣና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው። ሁሉም ጋሼ የሚሉት፣ ሲናደድ ድምፁ የሚቀንስ ሰው ነው። ዛሬ ድምፁ በጣም ቀንሷል።

«በሽተኛው ከሲስተሯ ጋር እየተጫወተ ነበር አሉ ከሆስፒታል። ይሄ ደግሞ መስመሩን ቀጥ አድርጎ፣ ልቡ ቆሟል ብሎ ጮኸ።»

«ሰውየውስ?»

«ሰውየው ደህና ነው። በድንጋጤ ልትሞት የነበረችው ሲስተሯ ናት።» ፈገግ ለማለት ሞከረና ተወው። «ግን ነገሩ ቢገለበጥስ? የቆመ ልብ ይመታል ቢልስ?»

አረንጓዴው ተለጣፊ ከጎኑ ነበር። የእሷ ምልክት።

«ምናልባት ሲያጓጉዙት ጥለውት ይሆናል» አለ ጋሼ፣ ራሱን እያከከ።

ማምለጫው ተከፍቶላት ነበር። አዎን ይሆናል ብትል ማንም አይጠይቃትም። በዓይነ ሕሊናዋ ግን በየክፍሉ፣ በየአልጋው ራስጌ የተቀመጡ አረንጓዴ ተለጣፊዎች መጡባት።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለች። «እጄ ነው።»

ቢሮው ወስዶ በሩን ዘጋ። የአባቷን ነገር፣ የብርጭቆውን፣ የሚዘሉትን ቁጥሮች ሁሉ ነገረችው። አላቋረጣትም።

«እስቲ ፍቺውና ልየው።»

ፋሻውን መፍታት ስትጀምር ጠሽ ጠሽ አለ። የክንዷ ፀጉር ቆመ። የፋሻው ጫፍ ከእጇ ዘሎ እጅጌዋ ላይ ተለጠፈና አልላቀቅ አለ። ጋሼ ፋሻውን አየ፣ እሷን አየ።

«ማሰሪያሽን የምታስሪው የት ላይ ነበር?»

«ከላዩ …» አለችና አፏ ተከፍቶ ቀረ። አምባር ነው፣ ስትል የራሷን ድምፅ ሰማችው።

አልተቆጣትም። ወደ ጠረጴዛዋ መልሷት ማሰሪያውን በባዶ ቆዳዋ ላይ አስሮ «ለኪ» አላት። ጫፉን አሳረፈች። ቁጥሩ በምስማር የተመታ ያህል ቀጥ ብሎ ቆመ። ደገመችው፤ ያው ነው።

«እጅሽ ምንም አልሆነም። በሽታሽ ፋሻው ነው» አለ ጋሼ በረጅሙ ተንፍሶ።

እልል ማለት አማራት፤ ግን ጊዜ አልነበረም። ለሆስፒታሉ ደውለው፣ ትርፍ ሞኒተሮች ጭነው፣ ጋሼ ራሱ እየነዳ ሄዱ። በየክፍሉ እየገቡ የእሷን ምልክት ይፈልጉ ጀመር። የመጨረሻው ከአንዲት አሮጊት ራስጌ ላይ ተገኘ። ሴት ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ግን እናቷ ላይ ሳይሆን ስክሪኑ ላይ ነው።

«ደህና ናት አይደል?» አለቻት ወደ መስመሩ እያመለከተች። «እሱን እያየሁ ነው የምጽናናው።»

«በሌላ ልንለውጠው ነው፣ እህቴ» ብቻ አለች ውሃልክ። አሮጌው ሲጠፋ ስክሪኑ ጨለመ። አዲሱ እስኪነቃ ልጅቷ የእናቷን እጅ ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ከዚያ መስመሩ ሽቅብ አለ፣ ቁልቁል አለ፣ ቀጠለ።

ሲመለሱ ጋሼ ቀለል ብሎት የሲስተሯን ድንጋጤ እያስመሰለ ይቀልድ ነበር። ውሃልክም ሳቀች፤ እንዲህ ከሳቀች ቆይታለች። እጇ ጭኗ ላይ ባዶውን አርፏል። ዝቅ ብላ አየችው።

አውራ ጣቷ ሌባ ጣቷን ቀስ እያለ ያሻሻል። የሆነች ትንሽ ነገር እንደሚያድበለብል። ጨበጠችው፤ ስትለቀው ቀጠለ። ሥራ ላይ፣ የመለኪያውን ጫፍ ስትይዝ ቀጥ ብሎ ነበር። የሚብስበት ሲያርፍ ነው። የአባቷም ሲጀምር እንዲሁ ነበር፤ አሁን ነው ያስታወሰችው።

ከጭኗ በታች ልትደብቀው አለችና ተወችው።

«ጋሼ፣ ያዩታል?»

ቀልዱን አቆመ። መንገዱን አየ፣ እጇን አየ፣ እንደገና መንገዱን አየ።

«አያለሁ» አለ በጣም በቀነሰ ድምፅ። መኪናውን ዳር ይዞ፣ አዙሮ፣ ወደመጡበት ሆስፒታል መለሰው።