መሪው ተሰብሯል

ዛሬ አየር ማረፊያ «የአውሮፕላኑ መሪ ስለተበላሸ ትንሽ ታገሱን» ሲሉን፣ አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ እጄን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ።

እኔ ደግሞ የድሮው ነገር ትዝ ብሎኝ ንድድ አልኩ።

በደርግ ጊዜ ነገሌ እያለን እናቴ እግሯ ተሰብሮ፣ አዲስ አበባ የሚወስዳት ትንሽ አውሮፕላን መጣላት። ሜዳው ላይ ሲዞር ጭራው ከኩይሳ ጋር ተላተመና መሪውን የሚሸከመው ቋሚ ብረት ተሰነጠቀ። (የነገሌን ምስጥ አብዮቱም አልቻለው!)

የክሊኒኩ ሬዲዮ ሠራተኛ ጋሽ ቦሩ ወዲያው አዲስ አበባን ጠርተው ጮኹ፦ «መሪው ተሰብሯል! አዲስ መሪ እንደመጣ እንነሳለን!»

በመስኮት የሰማ ካድሬ ሽጉጡን መዝዞ ገባ። «እነማን ናችሁ የምትነሱት?»

«ያ ዋቃ! የጭራውን መሪ ነው እኮ ያልኩት!»

«ጭራ አልከው ደግሞ?»

ጋሽ ቦሩ ታሰሩ፤ ሬዲዮው ታሸገ። መለዋወጫ ብረቱን ከአዲስ አበባ የሚጠይቅ ጠፋ፤ አውሮፕላኑም እዚያው ቆመ። እናቴ በከብት መኪና ተጭና ሄደች፤ እግሯም እንደተጣመመ ገጠመ።

ዛሬ «እማዬ፣ አይዞሽ፣ መሪውን እየጠገኑት ነው» ብላት፣ በከዘራዋ ጎኔን ጎሰም አደረገችኝ።

«ቀስ ብለህ አውራ! የቀረኝ አንድ እግር ነው።»

እናንተስ ቤት፣ እስከ ዛሬ በሹክሹክታ የሚወራው ቃል የትኛው ነው?