የናስር ንግሥት

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ጅማ አጠገብ ወዳለችው የቡ ስንሄድ መኪናችን ከአንድ የቡና መፈልፈያ ጎን አለፈችና የቦካ የቡና ልጣጭ ሽታ በመስኮቱ ገባ። ያ ጣፋጭም ጎምዛዛም ሽታ የናስርን ደብዳቤዎች አስታወሰኝ፤ ቤታቸው መፈልፈያ አጠገብ ስለነበር ወረቀቱ ሁሉ እሱን ይሸት ነበር።

ናስር የየቡ ትምህርት ቤት የቼዝ ክበብ ተጫዋች ነበር፣ እኔ ደግሞ የጅማ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። ለውድድር ጅማ መጥተው እኛ ሁለታችን ገና ጨዋታው መሃል ላይ ሳለን መኪናቸው ሊነሣ ስለሆነ፣ አቀማመጡን በየደብተራችን ገልብጠን ጨዋታውን በደብዳቤ ልንጨርሰው ተስማማን። የመስመሩ ሾፌር ጋሽ ተማም ቅዳሜ ቅዳሜ ደብዳቤውን በኮፍያቸው ውስጥ ያመላልሱልን ነበር፤ አንዳንዴ እዚያው ይረሱትና እኔ የናስርን ፈረስ ስጠብቅ ሳምንት እከርማለሁ። እናቴ አቧራ ልትጠርግ ብላ ቤት በገበታው ላይ የደረደርኳቸውን ወታደሮች የነካካች ቀን ደግሞ ቤቱ በጩኸቴ ይናጋል።

በአራተኛው ወር ናስር ንግሥቱን ያለ ጠባቂ ከፈረሴ ፊት አቆማት። ያቺ ደብዳቤ እንደ ወትሮው ቀልድ አልነበራትም፤ አንድ መስመር ብቻ። መሳሳቱ ገብቶኛል፤ ልጠይቀውም ወረቀት አውጥቼ ነበር። ማሸነፍ ግን አማረኝና ንግሥቱን በላሁ። ጋሽ ተማም መልሴን አድርሰው ሲመለሱ፣ የናስር አባት በዚያው ሳምንት ማረፋቸውን ነገሩን። ለካ ያንን እርምጃ የጻፈው አባቱን እያስታመመ ነበር።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር ለቅሶ ደረስን። ናስር ከስቶ፣ ከወንዶቹ መሃል ተነሥቶ መጣ። ይቅርታ ልጠይቀው ስል ቀደመኝ።

«ማሎ፣ እባክሽ ሂሩት፣ ንግሥቷን ብትተዪልኝ ነበር የሚከፋኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰሞኑን ሰው ሁሉ እያዘነልኝ ነው። አንቺ ብቻ እንደ ድሮው ተጫወትሽ።»

እጁንም አልሰጠም፤ ያለ ንግሥት ወራት ታግሎ ተሸነፈና፣ አልሐምዱሊላህ ጥሩ ጨዋታ ነበር ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ የአባቱን ቡና ሊይዝ ትምህርቱን ተወ፤ ደብዳቤውም በዚያው ቀረ።

አሁን የምጫወተው በስልክ ነው፤ ስሙንም አገሩንም ከማላውቀው ሰው ጋር፣ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ጨዋታ። አልፎ አልፎ አንዱ ንግሥቱን እንዲሁ ጥሎልኝ ያልፋል። እበላታለሁ። በዚያ ሰው ቤት ምን እንደገባ ግን መጥቶ የሚነግረኝ የለም።