የአስናቀ አፍንጫ በቢሻው ፊት

ቢሻው፣ የአርብ ገበያ የገበሬዎች ማኅበር ሱቅ ሻጭ፣ ከአዲስ አበባ የተመለሰው አፍንጫው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ዓይኖቹ አብጠው ነው።

«ከሴሚናር ስመለስ መኪና ተገለበጠብኝ» አለ። ባለፈው ዓመት ከሴሚናር ሲመጣ ደግሞ በቅሎ ጥላው ነበር።

ጎረቤቱ ውዴ አጥሚት ይዛለት ገባች። «ይኼ ሴሚናር የምትሉት አፍንጫ አፍንጫውን ብቻ ነው እንዴ የሚለው?»

ቢሻው ሳቁን ዋጠ። ሐኪሙ እንዳይስቅ፣ እንዳያነጥስ፣ እንዳያጎነብስ አስጠንቅቆታል። አባቱ አቶ ታፈረ ያወረሱትን ትልቅ አፍንጫ አስቀንሶ የእስቴ አገር ልጅ ባንቺዓለምን ሊያገባ ነበር ሐሳቡ። የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና አጣመመበት። ለሁለተኛው የወንድሟን የአስናቀን ፎቶግራፍ ለሐኪሙ ይዞለት ሄደ፤ ከዚያ የሚያምር አፍንጫ አይቶ አያውቅማ።

ሁዳዴ ገባ። ሕዝቡ ሲሰግድ ቢሻው እንደ ምሰሶ ተገትሮ ቀረ። «ካድሬ ሆኖ ሃይማኖቱን ጣለ» ተባለ። እሱ ግን ለአፍንጫው ብሎ ሐሜቱን ቻለው።

ከፋሲካ በኋላ ፋሻው ወለቀ። ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና አላገኙም ነበርና የባንቺዓለም አባት አቶ አስማረ የልጃቸውን እጮኛ ሊያዩ መጡ። ገና ከበር ቢሻውን አይተው ቆሙ።

«ይኼ የልጄ የአስናቀ አፍንጫ ነው» አሉ። ቀጥለው የአቶ ታፈረን ትልቅ አፍንጫ አዩ። «የእርስዎስ አይደለም። እኔ ልጄን ለዘመዷ አልድርም።»

 ዓይን ሁሉ ወደ ቢሻው እናት ወደ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ዞረ። እሳቸውም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

 ቢሻው የአስናቀን ፎቶግራፍ ከኪሱ አውጥቶ ለአቶ አስማረ ሰጠ። «ጌታዬ፣ አፍንጫዬ የአባቴ ነበር። አስቆርጬው ነው። ሁለቴ።»

ውዴ ከጓዳ ሳቀች። አቶ ታፈረ አልሳቁም፤ የራሳቸውን አፍንጫ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ምን አድርጎህ ነው?» አሉት።

አቶ አስማረ ልጃቸውን ዳሩለት። ሐሜቱ ግን ከሱቁ ደጃፍ አልጠፋ አለ፤ ፎቶግራፍ ያላየ ሰው ብዙ ነው። እናቱን አንገት አስደፍቶ መኖር ስለከበደው ቢሻው ለእናቱ ምስክር የሚሆን ልጅ እንድትሰጠው ለማርያም ተሳለ።

በዓመቱ ወንድ ልጅ ተወለደ። አዋላጇ ሕፃኑን ለአያቱ ስታቀብል፣ «አቶ ታፈረ፣ አፍንጫዎ መጣልዎት» አለች።

ቢሻው በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሰገደ። ሲነሣ አፍንጫው ላይ አፈር ነበረበት፤ አልጠረገውም።