ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት

የጫማ ፋብሪካው ሠራተኞች የበሩን ጥበቃ ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉታል፤ ዞር ሲል ግን «አቶ መታወቂያ» ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት አንዲት ጫማ ሰፊ ናት። ዐሥራ ሁለት ዓመት በየማለዳው እንደምን አደርክ እያለችው ስታልፍ የኖረች ሴት፣ አንድ ቀን ቦርሳዋን ቤት ረስታ ብትመጣ «መታወቂያ» ብሎ አስቆማት።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ!»

«አንቺ መሆንሽን የሚናገረው ወረቀቱ ነው» አለና መለሳት።

ሰው አይታመንም ባይ ነበር። ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም የመውጫ ወረቀት ላይ ፊርማ ጎድሎ ካየ፣ የጭነት መኪናውን ሁለት ሰዓት ጸሐይ ላይ ያቆማል እንጂ በሩን አይከፍትም። ሾፌሮች ይረግሙታል። እሱ እርግማኑን እንደ ምስጋና ተቀብሎ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።

ወረርሽኙ ሲገባ ብዙ መሥሪያ ቤት ተዘጋ። ይህ ፋብሪካ ግን ለሠራዊቱ ቦት ጫማ ያቀርባል ተብሎ፣ አራት ነገሮችን እስካሟላ ድረስ እንዲሠራ ተፈቀደለት። ሠራተኛው ተራርቆ ይቀመጥ፤ መስኮቶች ይከፈቱ፤ በየቀኑ አዲስ ማስክ ይታደል፤ በበሩ የሚገባ ሁሉ ሙቀቱ ይለካ፣ ይመዝገብ። ከአራቱ ሦስቱ ወረቀት ላይ ቀሩ። መቶ ሃያ ሰው በአንድ አዳራሽ ክርን ለክርን ተጠጋግቶ ይሠራል። መስኮቶቹም፣ እርጥቡ ማስቲሽ ላይ አቧራ እንዳያርፍ ተብሎ፣ እንደ ተዘጉ ናቸው። ሰኞ የታደለው ማስክ ዐርብ ሲደርስ የፊት ቆዳ መስሏል። ከጤና ጽሕፈት ቤት የሚላከው ተቆጣጣሪ ዐርብ ዐርብ ይመጣል፤ በሩ ላይ የሙቀት መዝገቡን ያገላብጣል፤ ማኅተሙን መትቶ፣ አዳራሹን በዓይኑ ሳያይ ይሄዳል።

እንግዲህ የሚታየው በሩ ብቻ ነበር። በሩም የአቶ መታወቂያ ነበር።

የሙቀት መለኪያው ሽጉጥ ይመስላል፤ ግንባር ላይ ሲያነጣጥሩት በጀርባው ቁጥር ይወጣል። ሠራተኛው ይቀልዳል። አንዱ እጁን ወደ ላይ አንስቶ «እጄን ሰጥቻለሁ!» ይላል። ሰፊዋ ደግሞ «ቀስ ብለህ ተኩስ፣ የልጆች እናት ነኝ» ትለዋለች። እሱ አይስቅም። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየጠረበ ይጽፋል።

በሦስተኛው ሳምንት መሣሪያው ከእጁ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ወደቀ። ያየ ሰው አልነበረም። ባትሪ ቀየረለት፤ በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ቁጥር የሚባል ነገር አልወጣም። ወደ አስተዳደር ኃላፊው ሄደ።

«መለኪያው ተበላሽቷል፣ ጌታዬ።»

«አዲስ ይገዛል።»

«እስከዚያ ሰው እንዴት ይግባ?»

«እንደ ወትሮው ይግባ።»

«መዝገቡስ?»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «ተቆጣጣሪው ባዶ ገጽ ካየ ይዘጋናል። አንተ እነዚህን ሰዎች ከእኔ የበለጠ ታውቃቸዋለህ። የታመመና ያልታመመ ለመለየት ማሽን ያሻሃል? ጻፍ እንጂ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ትእዛዙን በጽሑፍ ይስጡኝ» ባለ ነበር። ያን ዕለት ግን «ማን ጣለው?» ተብሎ አለመጠየቁን እንደ ውለታ ቆጠረውና አፉን ዘግቶ ወጣ።

በማግስቱ የሞተውን መሣሪያ በየሰዉ ግንባር ላይ ማነጣጠር ጀመረ። ጀርባውን ማንም እንዳያየው ወደ ደረቱ አስጠግቶ ይይዘዋል። አንድ ቁጥር ቢደጋገም ያስጠረጥራል፤ ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ለሰዉ ሁሉ የሚስማማውን ይሰጥ ጀመር። እየሮጠ ለመጣ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት፣ ለቀጭኑ ሠላሳ ስድስት ነጥብ አንድ። እንዲህ እያለ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ጻፈ። ተቆጣጣሪው «መዝገብ ማለት ይሄ ነው!» ብሎ አመሰገነው።

ከእሱ ጋር በአንድ ሳምንት የተቀጠረ፣ ቆዳ በመቁረጥ ያረጀ ሰው ነበረ። በፋብሪካው ውስጥ አቶ መታወቂያን «ወዳጄ» ብሎ የሚጠራው ይኸው ቆራጭ ብቻ ነው። አንድ ሰኞ ማለዳ ቆራጩ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ከንፈሩ ደርቆ መጣ።

«ወዳጄ፣ ዛሬ አጥብቀህ ለካኝ። ሌሊቱን ሲያንዘፈዝፈኝ ነው ያደረው። ማሽኑ ትኩሳት አለ ካለ በፈቃድ እመለሳለሁ። ዝም ብዬ ብቀር ግን ኃላፊው ሥራ ጥሎ ጠፋ ብሎ ያባርረኛል።»

አቶ መታወቂያ መሣሪያውን አነጣጠረ። ሰልፉ ከኋላ ይገፋል። ትኩሳት አለው ብሎ ቢመልሰው፣ ኃላፊው «በምን ለካኸው?» ይለዋል። ከዚያም «ማን ሰበረው?» ይመጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ በልቡ አለፈ።

«ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ቁጥሩ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ድካም ነው። እርጅና መጣ በለኛ!» ብሎ ሳቀና ገባ።

ማክሰኞም ረቡዕም እንዲሁ ገባ። ሐሙስ ከመቁረጫ ጠረጴዛው ሥር ወደቀ። በወደቀ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተ፤ በወረርሽኙ ሕግ መሠረትም አምስት ሰው ብቻ ቀበረው። ከአዳራሹ ሠላሳ አንድ ሰው ታመመ፤ ፋብሪካው ሁለት ሳምንት ተዘጋ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት፣ ሰው በሌለበት በር፣ አዲሱ መለኪያ ከነካርቶኑ መጣ።

ፋብሪካው የተከፈተ ዕለት ሠራተኛውም ቤተሰቡም ግቢውን ሞልተው ጮኹ። «መስኮት ይከፈት!» ይላል አንዱ። «የሞተውን በሬዲዮ ከመቁጠር በቀር ምን አደረጋችሁልን?» ይላል ሌላው። ከጤና ጽሕፈት ቤቱ የመጣው ሹም ድምፅ ማጉያውን ያዘ። አቶ መታወቂያ በታዘዘው መሠረት መዝገቡን ታቅፎ ከኋላው ቆሟል።

«በመዝገቡ እንደሚታየው» አለ ሹሙ፣ «ትኩሳት ያለበት አንድም ሰው በዚህ በር አልገባም። ሟቹ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ጤነኛ ነበሩ። ልጃቸው ግን ሆስፒታል በጽዳት ትሠራለች። ሁለት ሳምንት እዚያው አድራ ቤቷ የገባችው ከሰኞው በፊት ባለው እሑድ ነው። በሽታው ከቤት መጣ ማለት ነው። ጥበቃው ምስክር ነው፤ አይደለም እንዴ?»

አቶ መታወቂያ በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ።

የሰዉ ዓይን ወደ አንዲት ልጅ ዞረ። የቆራጩ ልጅ የአባቷን እኅት ክንድ ይዛ ቆማ ነበር። አክስቲቱ ክንዷን ቀስ ብላ አላቀቀችና አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች።

«ልጅቷን ልቀቋት!» ብላ ሰፊዋ ጮኸች። «መስኮቱን የዘጋችው እሷ ናት?»

ሹሙ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አቶ መታወቂያ ግን ያቺን አንድ እርምጃ አይቷታል። ከዚያ ወዲያ ራት ሲቀርብለትም ሲተኛም የምትታየው ያቺው እርምጃ ሆነች። ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ብትለው፣ «ማን ምን አለሽ?» ብሎ አፈጠጠባት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ የአባቷን ሽርጥና የሥራ ጫማ ልትወስድ ወደ በሩ መጣች። አፉ ለምዶበት «መታወቂያ» አለ። ሰጠችው። ፎቶግራፉን አየ፤ የአባቷ ግንባር ነው። መመለሱን ረስቶ በእጁ እንደ ያዘው፣ በሌላው እጁ ተጠቅልሎ የተቀመጠላትን ሽርጥና ጫማ አቀበላት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች። «ያን ሰኞ ጠዋት አባባ በእርግጥ ትኩሳት አልነበረውም?»

«ማነው ጠይቂ ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም። እሑድ ማታ ስገባ አቅፎኛል። ደክሞኝ ስለነበር እንቅልፍ ጣለኝ፤ እንዴት እንዳደረ አላውቅም። ሆስፒታላችን ያለች ሐኪም ይሄ በሽታ በአንድ ሌሊት ትኩሳት አያመጣም ብላኛለች። ሰኞ ጠዋት አሞት ከነበረ እኔ አይደለሁም። ሐሙስ ከጀመረው ግን . . .» የቀረውን ዋጠችው። «አክስቴ አብሬያት እየኖርኩ ሳህኔን ለብቻው ነው የምታጥበው። ብትጠላኝ አልፈርድባትም። ማወቅ ብቻ ነው የፈለግኩት።»

ዝም ቢል ልጅቷ ጫማውን ይዛ ትሄዳለች፤ በሩም ይዘጋል። ይህን አሰበው። ሌላም አሰበ። ምናልባት ሰው ልኳት ይሆናል፤ ምናልባት ቃሌን ልታወጣጣኝ ነው። ከዚያ መታወቂያውን አየና በገዛ ሐሳቡ አፈረ።

«አልለካሁትም» አለ።

«እንዴት?»

«ማሽኑ የሞተ ነበር። እኔው ነኝ የጣልኩት። ቁጥሩን ከራሴ እያወጣሁ ስጽፍ ኖርኩ። አባትሽ ሌሊቱን ሲያንዘፈዝፈው እንዳደረ ነግሮኛል። አጥብቀህ ለካኝ ብሎኛል። እያየሁት ነው ያስገባሁት።»

ልጅቷ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ትጮሃለች፣ ትረግመዋለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትሰድበው እንኳ በቀለለው። እሷ ግን የአባቷን ሽርጥ አጥፋ፣ ደግማ አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ለእኔ መንገርዎ ምን ያደርግልኛል» አለች በመጨረሻ። «ለአክስቴ ይንገሯት። እኔ ብነግራት አታምነኝም።»

እሑድ ጠዋት አክስቲቱ ቤት ሄደ። አንድ ክፍል ናት፤ አልጋና ቁም ሣጥን፣ በአንድ ጥግ ደግሞ የልጅቷ ፍራሽ ተጠቅልሎ ቆሟል። ተቀመጥ ያለው ስላልነበረ በሩ ሥር ቆሞ፣ ለልጅቷ የነገራትን ሁሉ ምንም ሳያስቀር ነገራት። አክስቲቱ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«ወንድሜ ሲገባ ምን አለ?»

«እርጅና መጣ ብሎ ሳቀ።»

«ሳቀ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ ጉልበቷን በመዳፏ መታች፤ ደግማ መታች። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ነይ ወደዚህ።»

«አልመጣም» አለች ልጅቷ። «ይሄን ሁሉ ቀን ቅረቢኝ ሳትይኝ!»

አክስቲቱ ዓይኗን ሰበረች። ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣችና ራሷ ሄዳ ከልጅቷ አጠገብ ፍራሹ ሥር ቁጢጥ አለች። ለመነካካት ግን ሁለቱም አልደፈሩም። አቶ መታወቂያ ወዴት እንደሚያይ ጨነቀው።

«አንተ!» አለችው አክስቲቱ ፊቷን ሳታዞር። «አንገትህን ስትነቀንቅ በዓይኔ በብረቱ አይቼሃለሁ። በነቀነቅክበት ግቢ ትናገራለህ።»

«እናገራለሁ።»

ሰኞ ማለዳ ሰልፉ ሲሰበሰብ መዝገቡን ገልጦ ተናገረ። ድምፅ ማጉያ ስላልነበረው የኋላ ሰዎች «ምን አለ? ምን አለ?» እየተባባሉ ተቀበሉት። ታማ የተነሣች አንዲት ሴት «እኔንስ ስንት ብለህ ነው ያስገባኸኝ?» አለች። ሌላው «እኔንስ?» አለ። ጥያቄው ከአፍ ወደ አፍ ተዛመተ። ለሁሉም ከመዝገቡ ቁጥራቸውን አነበበላቸው፤ አንዱ ትከሻውን ይዞ ገፋው፤ አልተከላከለም።

ከቀትር በፊት ማስታወቂያ ተለጠፈ። ጥፋቱ የአንድ ጥበቃ የግል ጥፋት ነው፤ ከሥራም ተሰናብቷል ይላል። ሠራተኛው ማሽኖቹን አቆመ። «ጻፍ ያለውስ? ሳያይ ማኅተም የመታውስ?» ብለው ከየክፍሉ አንዳንድ፣ አቤቱታ የሚያቀርቡ አምስት ሰው መረጡ፤ ሰፊዋ አንዷ ናት። አቶ መታወቂያን ምግብ ቤቱ ውስጥ አስቀምጠው ቃሉን እንዲጽፍ ወረቀት ሰጡት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጻፈ። ሰፊዋ ተቀብላ አነበበችና ራሷን ያዘች።

«ጋሼ፣ ኃላፊው ያለህን በደንብ ጽፈኸዋል። ተቆጣጣሪውንም። ግን ይሄ የቆራጩ ጉዳይ፣ አጥብቀህ ለካኝ ብሎኝ እያየሁት አስገባሁት ያልከው፣ ይውጣ። ኃላፊዎቹ የሚይዙት ይሄንን ነው። ጥፋቱን ሁሉ አንተ ላይ ደፍተው ይወጣሉ። አንተንም ያሳስርሃል።»

«ይቆይ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልናድንህ እኮ ነው!»

«እሱ ከወጣ አልፈርምም» አለ።

ሰፊዋ ሌሎቹን አራቱን አየቻቸው። ወረቀቱን መልሳ ፊቱ አኖረችለት፤ እሱም ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አንብቦ፣ በየገጹ ግርጌ ፈረመ።