የገብረወልድ መሐላና የሚስስ ሜኖን እንግሊዝኛ

ገብረወልድ በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ትኬት ሲቆጣጠር ያረጀ ሰው ነው። ፈረንሳይኛን ከአለቆቹ ጋር እየተጨቃጨቀ ስለተማረው፣ ሲናደድ እንኳ በፈረንሳይኛ ነበር የሚናደደው። እንግሊዝኛ ግን አንዲት ቃል አያውቅም፤ ተማሪው ሁሉ የሚፈተነው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ይህ ነገር ይከነክነው ነበር። እናቷ በሕፃንነቷ የሞተችባት አንዲት ልጁ ዘነበች ማትሪክ አልፋ ኮሌጅ ስትገባ ከማየት ሌላ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ነገር አልነበረውም። ልጅቷ ሒሳቡን ትበላዋለች፣ ሳይንሱም አይከብዳትም፤ የምትንገዳገደው እንግሊዝኛ ላይ ስትደርስ ነው።

በ1969 ዓ.ም. መስከረም ሚስስ ሜኖን የምትባል ህንዳዊት አስተማሪ ወደ ትምህርት ቤታቸው መጣች። ከሰዓት በኋላ ከዚራ ሰፈር በተከራየችው ቤት በረንዳ ላይ ዘነበችንና የሰፈሯን ልጅ ኡባህን በነፃ ታስጠናቸው ጀመር። ቃላት መሸምደድ የሚባል ነገር አትወድም። ከአገሯ ቅዱሳት መጻሕፍት ያገኘችው አንድ ረጅም ታሪክ ነበራት፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ትተርክላቸውና አዲስ ቃል ሲመጣ ትቆማለች። አንድ ሽማግሌ ንጉሥ ለሚስቱ የጠየቀችውን ሁሉ ሊያደርግላት ቃል ገባ፤ «ፕሮሚስ» ማለት ያ ነው። ሚስቲቱም የእንጀራ ልጇን ከአገር አስወጣልኝ አለችው፤ «ኤግዛይል»። ልጁ የአባቱ ቃል እንዳይታጠፍ ብሎ ዘውዱን ትቶ ጫካ ገባ፤ «ኦቤይ»። እንዲህ ሆኖ የገባ ቃል ከልጆቹ ጭንቅላት አልወጣም።

ራት ላይ ዘነበች የሰማችውን ለአባቷ ታወራለታለች። ገብረወልድ ጉርሻውን እንደያዘ ይቀራል።

«ንጉሡ ታዲያ ቃሉን አያነሳም?»

«እንዴት አድርጎ አባባ? ከአፉ ወጣ እኮ።»

ሽማግሌው ንጉሥ ልጁን ከሸኘ በኋላ በሐዘን ሞተ ያለችው ዕለት ገብረወልድ እንባው መጣ፤ በርበሬው ነው ብሎ አመካኘ። ከየት እንደሰማችው አልጠየቃትም። ለአባቱ የሚታዘዝ ልጅ፣ ዘውድ መናቅ፣ ጫካ መግባት፤ ይሄ የአንዱ ጻድቅ ገድል ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

እናም በኅዳር ሚካኤል ማኅበር፣ ጠላው ዞሮ ሰው ጨዋታ ሲጀምር፣ ተነሥቶ ተረከው። አሳምሮ ነው የተረከው፤ ልዑሉን «አቡነ» እስኪለው ድረስ። ሲጨርስ የንስሐ አባቱ አባ ሀብተ ማርያም፣ «የማን ገድል ነው ገብረወልድ? እኔ አላነበብኩትም» አሉት። ከጎኑ የተቀመጠው የሥራ ባልደረባው ተሰማ ሳቁን መያዝ አቃተው። የተሰማ ልጅ ከዘነበች ጋር ይማር ነበር።

«የህንዶች ነው አባ፤ ያቺ አስተማሪ ለልጆቹ የምታወራው ነው» አለ።

ማኅበርተኛው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

ገብረወልድ ያን ሳቅ ተሸክሞ ቤቱ ገባ። «ሚካኤልን ብያለሁ፤ ከእንግዲህ የዚያችን ሴትዮ ደጃፍ ብትረግጪ ልጄ አይደለሽም» አላት። ልጅቷ በቀበሌው የውይይት ክበብ እግዚአብሔር የለም ሲባል ሰምታ ስትመጣ ትንፍሽ ያላለ ሰው፣ ያን ቀን ለሃይማኖቱ ተቆርቋሪ ሆነ። እውነቱን ለመናገር የተቆረቆረው ለራሱ ክብር ነው። ዘነበች ራቱን አቀረበችለት።

ሳምንት ሳይሞላ ጸጸት ያዘው። ማታ ማታ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቃላት ስትሸመድድ ያያታል፤ ጠዋት ግን ቃላቱ ከጭንቅላቷ የሉም። ኡባህ መጥታ፣ «አቦ አባባ፣ ሚስ በየቀኑ እሷን ነው የምትጠይቀኝ፤ ትምጣ በቃ» ብላ ለመነችው። ምን ይበላት? የመልአኩን ስም ጠርቶ ምሏል። እንዲህ ያለውን መሐላ የሚፈታ የንስሐ አባት ነው፤ ጥቂት ስግደት አዝዘው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ቢሉት ያበቃ ነበር። ነገር ግን አባ ዘንድ መሄድ ያቺን የማኅበር ቀን እንደገና መቀስቀስ ነው። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ሲል ክረምቱ ገባ። ሚስስ ሜኖንን መንገድ ላይ ሲያይ ወደ ማዶ ይሻገራል፤ እሷ ግን ከዚያው ሆና በእጇ ሰላም ትለዋለች። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ሐዲዱ ተቆረጠ፣ አስተማሪዋም ወደ አገሯ ሄደች።

የማትሪክ ውጤት ሲመጣ ኡባህ አለፈች። ዘነበች እንግሊዝኛው ጣላትና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ተቀጠረች። አንድም ቀን አላማረረችም። ብታማርር ለገብረወልድ ይቀለው ነበር።

ዓመታት አልፈው አባ ሀብተ ማርያም በእርጅና አልጋ ያዙ። ሊጠይቃቸው የሄደ ዕለት ሆዱ አልችል አለና ሁሉንም ዘረገፈላቸው።

«እኔ እኮ ያን ቀን የማን ገድል ነው ያልኩህ ወድጄው ነው፤ አግኝቼ ላነበው» አሉት። «ስለ መሐላህም ሰምቼ ነበር። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ብዬ ስጠብቅህ ከረምኩ።»

«ከማን ሰሙ አባ?»

«ከልጅህ።»

ቤቱ ሲደርስ ዘነበች ከፋብሪካ ገብታ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ትታጠባለች። ገብረወልድ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ያኔ አባ ዘንድ ሄደሽ ነበር?»

«በነጋታው ነው የሄድኩት» አለች። «መሐላው የሱ ነው፣ ራሱ ይምጣ፣ ወዲያው እፈታዋለሁ አሉኝ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ ቀረሽ ልጄ?»

ዘነበች ውሃውን በእጇ አማሰለች።

«ማኅበር በሄድክ ቁጥር ዛሬ ይጠይቃቸዋል እያልኩ፣ ወደ ሚስ ልሄድ ጫማዬን አድርጌ ደጅ ላይ እጠብቅህ ነበር እኮ አባባ።»